አለቃውና የበረዶው ሰፈር

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን መሥሪያ ቤት የገባን ወጣቶች አንድ ክፍል እንድንመራ በተሾምን ማግስት ቶሎ የሚታየን ወንበሩና የፊርማው ሥልጣን ነው። እኛም ከዚህ አላመለጥንም። በሥራችን ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። በሦስተኛው ወር ለልቅሶ ፈቃድ ሊጠይቁን ሲመጡ «ስምዎ ማን ነበር?» አልናቸው። ነገሩን፤ ፈረምን፤ ማን እንደ ሞተባቸው ግን አልጠየቅንም። የሞተችው ልጃቸው እንደ ሆነች የሰማነው ከተላላኪው ነው።

ያን ሰሞን ስለ ሰር ኧርነስት ሻክልተን የተጻፈ መጽሐፍ በእጃችን ነበር። ይህ አየርላንድ የተወለደ አሳሽ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1914፣ አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ «ኢንዱራንስ» በተባለች መርከብ ተነሣ። በ1915 ጥር መርከቢቱ በዌዴል ባሕር በረዶ ተያዘች፤ በጥቅምት በረዶው ጨፈለቃት፤ በኅዳር ሰጠመች። 28 ሰዎች በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ድንኳን ተክለው ቀሩ።

እንግዲህ አለቃ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሻክልተን እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ኪሎ ያልበለጠ የግል ዕቃ ብቻ እንዲይዝ አዘዘ፤ ከማንም በፊትም የራሱን የወርቅ ገንዘብ በበረዶው ላይ ጣለ። የአንዱን ባልደረባ ባንጆ፣ ያን ክራር መሰል መሣሪያ፣ ግን ከብዙ ኪሎ ክብደቱ ጋር እንዲተርፍ አደረገ፤ ለሰዎቹ የልብ መድኀኒት ነው ብሎ። የመኝታ ከረጢቶች በዕጣ ሲከፋፈሉ ሙቀት ያለው የቁርበቱ ከረጢት ለተራዎቹ መርከበኞች ደረሰ፤ የሱፉ ለሻክልተንና ለሹማምቱ። ዕጣው ተንኰል እንደ ነበረበት ከመርከበኞቹ አንዱ ኋላ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ተንኰል በየመሥሪያ ቤቱ ብናይ ምንኛ በወደድን!

መከበር የሚወደውን ፎቶግራፍ አንሺውን ኸርሊን በራሱ ድንኳን አስገብቶ ምክር ይጠይቀው ነበር። ኋላም በጀልባ ሲጓዙ አንዱ ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያየ እንደ ሆነ ትኩስ ወተት ለሁሉም እንዲቀዳ ያዝዛል እንጂ ስለ ማን ብሎ እንዳዘዘ አይናገርም። ሰውዬው እንዳያፍር ነው። እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ይህ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ለማድረግ አስቀድሞ የሰውን ፊት ማየት ያስፈልጋል፤ እኛ ግን የምናየው ወረቀቱን ነበር።

ነገር ግን ሻክልተንን መልአክ አናደርገውም። አናጢው ማክኒሽ በበረዶው ላይ አንድ ጊዜ አልታዘዝም ብሎት ነበር፤ ይኸው ሰው ያበጃት ጀልባ ሕይወታቸውን አተረፈች፤ ሆኖም ለሜዳሊያ ሳያጭው ቀረ። ከአህጉሩ በሌላ ወገን ስንቅ እንዲያኖሩ ከተላኩት ባልደረቦቹም ሦስቱ ሞተዋል።

በ1916 ሚያዝያ ሰዎቹ ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ሻክልተን ከአምስት ሰዎች ጋር በትንሽ ጀልባ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ደቡብ ጆርጂያ እርዳታ ፍለጋ ሄደ። የቀሩትን 22 ሰዎች የሚጠብቀው ፍራንክ ዋይልድ በየጠዋቱ «አለቃችን ዛሬ ሊመጣ ይችላልና ዕቃችሁን ጠቅልሉ» ይላቸው ነበር። ከአራት ወር በላይ ጠቀለሉ። ሻክልተን ሦስት ጊዜ ሞክሮ በረዶ መለሰው፤ በአራተኛው፣ በነሐሴ፣ በቺሊ መርከብ ደረሰ። ገና ከሩቅ ሳለ ሰዎቹን በመነጽር አንድ በአንድ ቈጠረ፤ 22ቱም አሉ።

እኛ ወደ ሽማግሌው ቤት የሄድነው በአርባዋ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞን ነበር። ሽማግሌው አጠገባቸው አስቀመጡንና ልጃቸው ትምህርት እንዴት ትወድ እንደ ነበር ነገሩን። ስንነሣ እስከ በር ሸኙንና ስማችንን ከነአባታችን ጠርተው «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉን።