ፍሬ በሽታን የሚቋቋመው ቡና እስከ መቼ ይቋቋማል?

ከጅማ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል የተመረጡ ብዙዎቹ የቡና ዝርያዎች የሚጠሩት በቁጥር ነው። 741፣ 74110፣ 74112 ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የእናት ዛፉን የምርጫ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ።

ዘመኑ ለቡና ገበሬ ክፉ ነበር። በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 በኢትዮጵያ ታየ፤ በተለይ ዝናብና ብርድ የሚበዛባቸውን ደጋማ የቡና አካባቢዎች አጠቃ። ፈንገሱ እሸቱን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፈዋል፤ አለዚያም ቅርንጫፉ ላይ ያደርቀዋል። ባለሙያዎች በተመታው ማሳ መካከል ፍሬያቸውን ይዘው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ፤ ከዚያም ፈንገሱን ሆን ብለው በእሸቱና በችግኙ ላይ እያሳረፉ ፈተኗቸው። 741 ከጌራ፣ 74110 ከኢሉባቦር የተገኙት በዚህ ዓይነት ነው።

የመቋቋም ኃይል ግን ሊሸነፍ ይችላል። በሕንድ ኬንት የተባለው ቡና የቅጠል ዋግን ለአሥር ዓመት ያህል ከተቋቋመ በኋላ፣ ዋጉ አዲስ ዘር አውጥቶ አጠቃው። የጅማዎቹ ዝርያዎች እስካሁን እንዲህ ያለ ሽንፈት አልደረሰባቸውም። ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት ኃይላቸው በአንድ ሳይሆን በብዙ ዘረ መል ላይ የቆመ ነው። አንድ ቁልፍ ያለው በር በቀላሉ ይከፈታል፤ ብዙ ቁልፍ ያለው ግን ሌባውን ያደክመዋል። ሆኖም መቋቋም ማለት ጨርሶ አለመያዝ አይደለም፤ ዝናቡ በበረታበት ዓመት ጥቂት ጥቁር ፍሬ ቢታይ ዝርያው ከዳ ብሎ ዛፉን መንቀል አይገባም።

ከፈንገሱ ይልቅ ዛሬ የሚያሰጋው የዘሩ መደባለቅ ነው። ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ነገር ግን ንብና ነፋስ ከጎረቤት ማሳ የሚያመጡት ጥቂት አይጠፋም። በሽታ ከማይችል ቡና አጠገብ የተለቀመ ዘር በየትውልዱ ሲደጋገም፣ ቁጥሩ ይቀራል፤ ኃይሉ ይሳሳል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በችግኝ ጣቢያቸው በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባው የችግኙን ብዛት ሳይሆን ዘሩ የተለቀመበትን ማሳ ነው። መልሱም በመዝገብ ይጻፍ። ቀበሌውን በሙሉ በአንድ ቁጥር መሸፈንም አይበጅም፤ ሁለት ሦስት ዝርያ እያፈራረቁ መትከል ይሻላል። በለቀማ ማብቂያ ላይ ቅርንጫፍ ላይ የቀረውን የጠቆረ ፍሬ አራግፎ መቅበርም የሚጠይቀው ጉልበት ብቻ ነው።