አሮጌ ሞርሳን ስለ ማደስና ለገበያ ስለ ማቅረብ

በየጋራዡ፣ በየብረታ ብረት መሥሪያውና በየቶርኖ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሮ የሚታየው ሞርሳ፣ ስሙ ከኢጣልያ ቋንቋ ተወስዶ ከባለሙያዎቻችን አነጋገር ጋር የተዋሐደ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ተግባሩም ሠራተኛው ሲሞርድ፣ ሲቈርጥ ወይም ሲቀጠቅጥ ዕቃውን አጥብቆ መያዝ ነው። ሠራተኛው ሁለት እጁን ያለ ሥጋት ለሥራው ማዋል የሚችለው ሞርሳው የታመነ ሲሆን ብቻ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚገባ መሣሪያ ዋጋው በብር ሲታሰብ ከፍ ማለቱን ነጋዴዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ በመርካቶ ምናለሽ ተራን በመሰለ የአሮጌ ብረታ ብረት ገበያ የሚገኘውን ሞርሳ አድሶ መሸጥ ሊታሰብበት የሚገባ ንግድ ነው። ይሁን እንጂ ስንጥቁ በቀለም ተሸፍኖ የተሸጠ ሞርሳ የገዥውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጣቱንም ሊያሳጣው ይችላል። እንግዲህ የሚታደሰውን ከማይታደሰው ለይቶ ማወቅ ለባለሱቁ ግዴታ ነው።

ስለ ብረቱ ጠባይ

አሮጌ ሞርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ባለሙያዎች ጊዛ ከሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስሰው ብረት ነው። በዚህ ብረት ውስጥ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ የሚሆን ካርቦን ይገኛል፤ የሚበዛውም በስስ ቅርፊት መልክ ተበትኖ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ጊዛ ጫናን በደንብ ይችላል፤ የመዶሻንም ንዝረት ያበርዳል። ሲሳብና ሲጐብጥ ግን አይለመጥም፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል።

በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማግኒዚየም በመጨመር ካርቦኑ ክብ እንክብል እንዲሆን የሚያደርግ ዘዴ ተገኝቶ በ1948 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ብረት ጐበጥ ይላል እንጂ በቶሎ አይሰበርም። ተራው ጊዛ በተለመደው ደረጃው በካሬ ኢንች 30,000 ፓውንድ ያህል መሳብ ሲችል፣ ይህኛው 60,000 ፓውንድና ከዚያም በላይ ይችላል። አዲስ ሞርሳ የሚያስመጡ ነጋዴዎች የትኛው እንደሚላክላቸው አስቀድመው በጽሑፍ ቢያስረጋግጡ፣ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናሉ።

ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ መንጋጋው እስከ መጨረሻው ተከፍቶና ተዘግቶ ዋናው ጠመዝማዛ ብሎን ያለ መንሸራተት መሥራቱ ይታይ። ቀጥሎ ስንጥቅ የሚበዛባቸው ቦታዎች ይመርመሩ፤ እነዚህም የመንጋጋው አንገት፣ ተንሸራታቹ ክፍል የሚገባበት ጉሮሮና ከጠረጴዛው ጋር የሚታሰርባቸው ጆሮዎች ናቸው። ጥርጣሬ ካለ ቦታውን ጠርጎ ላምባ መቀባት፤ ጥቂት ቈይቶ በጨርቅ አድርቆ ጠመኔ መቀባት ነው። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ወጥቶ ጥቍር መስመር ይሠራል። ይህ ፈተና ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ዋናው አካል ተሰንጥቆ ከተገኘ በተራ ብየዳ ጠግኖ መሸጥ አይገባም። ጊዛን ለመበየድ አስቀድሞ ማሞቅ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ መጠቀምና በዝግታ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከብየዳው አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። እንዲህ ያለው ሞርሳ ለመለዋወጫ ቢፈታ ይሻላል።

ስለ እድሳቱ ቅደም ተከተል

ሞርሳው ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ በሚከተለው አኳኋን ይታደሳል።

አንደኛ፤ ዋናው ብሎን እየተፈታ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ይወጣል። ክብደቱ ከእግር ላይ እንዳይወድቅ ከሥር መደገፍ ያስፈልጋል። የተጣበቀ ብሎን ዘይትና ላምባ ጠጥቶ ቢያድር ይላላል፤ በመዶሻ ማስገደድ ጆሮ ይሰብራል።

ሁለተኛ፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ፈግፍጎ አቧራውን መተንፈስ ጤናን ይጐዳል። በቀለም ማስለቀቂያ አርጥቦ መፋቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ቀላል ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ትንንሽ ክፍሎችን በአቼቶ ውስጥ ማሳደር ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ከቈየ ጤነኛውን ብረት ይበላል። ለከባድ ዝገት የሚመረጠው የኤሌክትሪክ ዘዴ ነው፤ በፕላስቲክ ገንዳ ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማጠቢያ ሶዳ ይበጠበጣል። ይህም በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው የሶዳ ዓይነት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ መሙያ ኔጋቲቩ ከሞርሳው ጋር፣ ፖዘቲቩ ከቁራጭ ተራ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ ብረቶች ግን አይነካኩም። በዚህ ጊዜ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሥራው እሳት በሌለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት ማሰር መርዛም ክሮሚየም ወደ ውሃው ስለሚያወጣ ክልክል ነው።

አራተኛ፤ የታጠበው ብረት ወዲያው ደርቆ ዝገት ተከላካይ ቀለም፣ ከዚያም የላይ ቀለም ይቀባል። ዋናው ብሎን፣ ዳዶው፣ ተንሸራታቹ ክፍልና የመንጋጋው ፊት ግን አይቀቡም። ብሎኑና ዳዶው ግራሶ፣ ተንሸራታቹ ክፍል ስስ ዘይት ያገኛሉ፤ የመንጋጋው ፊት ደረቅ ሆኖ ይቅር።

አምስተኛ፤ ያለቁ የመንጋጋ ጥርሶች ከአሮጌ ባሌስትራ ሊሠሩ ይችላሉ። ባሌስትራው በእሳት ግሎ በዝግታ ከቀዘቀዘ በኋላ ይበሳል፤ ከተበሳም በኋላ እንደ ገና ይጠነክራል። የተበላውንም ዳዶ የቶርኖ ባለሙያ በነሐስ ሊተካው ይችላል።

ስለ ሽያጩ

ሞርሳ የሚሸጠው በመንጋጋው ስፋት ስለ ሆነ 4፣ 5 ወይም 6 ኢንች መሆኑ ተለክቶ ይጻፍ። በደረሰኙም ላይ «የታደሰ» የሚለው ቃልና የተለወጡት ክፍሎች ቢመዘገቡ ለሻጩም ለገዥውም መከታ ነው። ባለሱቁ ለገዥው ሁለት ምክር ቢጨምርለት ዕቃው ዕድሜ ያገኛል፤ ይኸውም በእጀታው ላይ ቧንቧ አስረዝሞ እንዳያጠብቅና መዶሻ ሲመታ ኀይሉ ወደ ቋሚው መንጋጋ እንዲያርፍ ነው።

ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። አንድ ጊዜ የተታለለ ሠራተኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ መርምሮና እውነቱን ነግሮ የሸጠለትን ነጋዴ ግን ባልንጀሮቹን አስከትሎ ይመጣለታል።