አንድ ኦፕሬተር፣ ሁለት ፍቺ

«ስኳር አምጣ፤ ከሌለ ማር» ተብሎ ሱቅ የተላከ ልጅ ሁለቱንም ተሸክሞ አይመለስም። «ስኳርም ማርም ስንት ስንት እንደገባ ጠይቀህ ና» ከተባለ ግን የሁለቱንም ዋጋ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ትእዛዞች ለየቅል ናቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃስኬል የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ግን ሁለቱንም በአንድ ኦፕሬተር ያስኬዳቸዋል።

ኦፕሬተሩ የሚኖረው አልተርኔቲቭ በሚባል ታይፕ ክላስ ውስጥ ነው። ታይፕ ክላስ ውል ነው በሉት፤ የሚገባበት ታይፕ ሁሉ ማሟላት ያለበት ነገር አለ። እዚህ የሚጠየቀው ሁለት አማራጮችን የሚያገናኝ ኦፕሬተርና ኤምፕቲ የሚሉት ባዶ ነው። ሦስት አማራጮች ሲደረደሩ ቅንፉ የትም ቢገባ ውጤቱ አይለወጥም፤ ባዶውም በግራ ሆነ በቀኝ ቢጨመር፣ ዜሮን እንደ መደመር ነው። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከምርጫው በኋላ ሌላ ሥራ ሲከተል ነው። 3ን እና 4ን በኦፕሬተሩ አገናኝተን «ለ2 የማይካፈለውን ጣል» የሚል ማጣሪያ እናስከትል። ሜይቢ የተባለው ታይፕ ቢበዛ አንድ ዋጋ ነው የሚይዘው፤ 3ን እንዳገኘ 4ን ዞር ብሎ አያየውም። ማጣሪያው 3ን ሲጥለው እጃችን ባዶ ቀረ። ማጣሪያውን አስቀድመን በየአማራጩ ብናሳልፈው ኖሮ ግን 4 ይተርፍ ነበር። ዝርዝር በሚባለው ታይፕ ላይ ግን በሁለቱም መንገድ 4 ይገኛል፤ ዝርዝር ሁለቱንም ይዞ ይቆያላ!

ስለዚህ «ግራው ከተሳካ ቀኙ ይቅር» የሚለው ሕግ ለሜይቢ ይሠራል፣ ለዝርዝር አይሠራም። «ተከታዩን ሥራ ለየአማራጩ ብታከፋፍለው ያው ነው» የሚለው ደግሞ ለዝርዝር እንጂ ለሜይቢ አይሆንም። ሁለቱን በአንድ ታይፕ ላይ ማስገደድ ባዶውና 4 እኩል ናቸው ብሎ መማል ነው።

ጽሑፍ የሚተነትነው ፓርሴክ የተባለ ላይብረሪ ደግሞ የራሱ አመል አለው። «ሰላም» ካልሆነ «ሰላሳ» በሉትና «ሰላሳ»ን ስጡት፦ «ሰላ»ን ውጦ «ም»ን ሲያጣ እዚያው ይወድቃል፤ ትራይ በሚባለው ካልጠቀለላችሁት ሁለተኛውን አይሞክርም።

በእኔ እምነት ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ ስም መጥራት ቁጠባው በዛ። ኮምፓይለሩም ታይፕን እንጂ ሕግን አይመረምርም። የራሳችሁን ታይፕ ወደ አልተርኔቲቭ ስታስገቡ፣ ኦፕሬተራችሁ የትኛውን ሕግ እንደሚያከብር ከኮዱ አናት ላይ በአንድ መስመር ጻፉልን።