ልብ፣ በእንጨት ላይ

የጓደኛችን እናት አረፉ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናወጣው ስልካችንን ነው። በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» ብለን አንድ ቀይ ልብ እንጨምራለን። በቃ፣ ሁለት ሰከንድ።

ኖርዌያዊው ሰዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ ግን ልብን በእንጨት ቀርጾ ነው ያተመው። ሞትን የተዋወቀው በልጅነቱ ነው። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት 5 ዓመቱ ነበር። በ1877 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ታላቅ እህቱ ሶፊ በዚያው በሽታ፣ በ15 ዓመቷ ሞተች። የሞተችበትን ወንበር ዕድሜውን ሙሉ አልጣለውም። «የታመመችው ልጅ» የሚለውን ሥዕልም በቀለም ቅብ ብቻ 6 ጊዜ ሠርቶታል። ሐዘን «ርሳው» ስላሉት የሚረሳ ነገር አይደለማ!

«ልብ» የተሰኘውን የእንጨት ህትመት የሠራው በ1898 እና በ1899 መካከል ነው። አንዲት ሴት ትልቅ ልብ ይዛ ይታያል።

የእንጨት ህትመት እንዲህ ነው፦ ሥዕሉ ጣውላው ላይ ተገልብጦ ይነደፋል። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ በመሮ ተፍቆ ይወጣል። በቀረው ላይ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። አንዴ የተፋቀ እንጨት አይመለስም፤ «አንዱ» የሚባል ነገር የለም። ሙንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣውላውን በመጋዝ ይቆራርጠውና እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ቀለም ቀብቶ፣ መልሶ ገጣጥሞ በአንድ ጊዜ ያትመዋል። ቁርጥራጮቹ ይገጥማሉ፤ በመሃላቸው ግን ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ሰው የሞተበት ሰውም እንደዚያው ነው። ሕይወቱ መልሶ ይገጥማል፣ መስመሩ ግን አይጠፋም።

ሙያው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጀርመን ተወላጁ ሃንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ የእንጨት ህትመት አስተምሯል።

በአማርኛ ልብ ፍቅር ብቻ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። ስለዚህ ቀይዋን ልብ መላኩ ክፋት የለውም፤ ግን እዚያ ላይ አይቁም። ለቅሶ ቤት ሂዱ፣ ዝም ብላችሁም ቢሆን አጠገቡ ተቀመጡ። ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባው አልፎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ ደግሞ ደውሉለት። ያኔ ነው ቤቱ ጭር የሚለው።