የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪና መምህሩ

አንድ ተማሪ በትምህርት መካከል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ለተጠየቀው ጥያቄ የተዘበራረቀ መልስ ይሰጣል። መምህሩ ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ብቻውን ከክፍል ቢያስወጣው፣ ተማሪውም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ቢሆን፣ ውሳኔው ለሕይወቱ አስጊ ሊሆን ይችላል። ለምን?

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 30 ኪሎ ግራም በሚመዝን ልጅ ሰውነት ውስጥ 2 ሊትር ያህል ደም ይዘዋወራል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ግሉኮስ አለ ብንል፣ ድምሩ 1.8 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ይህም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይሞላም። አንጎል ግን በዋነኛነት የሚሠራው በዚህ ግሉኮስ ነው።

ቆሽት ይህን መጠን የሚጠብቀው ቴርሞስታት የምድጃን ሙቀት እንደሚጠብቅ ነው። ስኳር ሲጨምር ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሲቀንስም ማመንጨቱን ይገታል። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ስለሚጠፉ ይህ ቁጥጥር ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠ ወዲህ ሕመሙ የሞት ፍርድ መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም በመርፌ የተወሰደ ኢንሱሊን ስኳሩ ቢቀንስም ሥራውን አያቆምም። በመሆኑም ምሳ የዘገየበት ወይም በስፖርት ክፍለ ጊዜ ብዙ የሮጠ ልጅ ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሊወርድ ይችላል።

በዚህ ጊዜ መምህሩ የጎደለውን ቁጥጥር ይተካል። ከሁለት እስከ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ወዲያውኑ ይሰጠዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደግምለታል፤ ሲሻለውም ምግብ እንዲበላ ያደርጋል። ልጁን ለብቻው ወደ ቤት ወይም ወደ ክሊኒክ መላክ አይገባም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨምር በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ ስኳሩ ሲበዛ ልጁ ውኃ ይጠማዋል፤ ሽንቱም ይመላለስበታል። ስለዚህ በፈተና ሰዓት እንኳ መጠጣትና መውጣት ሊከለከል አይገባውም። ቢያስመልሰው፣ ሆዱን ቢያመው ወይም አተነፋፈሱ ቢፈጥን ግን ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ወላጆች የልጃቸውን ሁኔታ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ለመምህራን ቢያስረዱ፣ መምህሩም በመሳቢያው ጥቂት ስኳር ቢያስቀምጥ ብዙ አደጋ ይወገዳል። ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው አብሮት የተቀመጠው ተማሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ እውቀት ለእናንተም ያስፈልጋችኋል።