ሰውን እያዩ መንደፍና የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች

ሰውን እያዩ መንደፍ ማለት ሠዓሊው ከትዝታው ወይም ከሌላ ሥዕል ሳይቀዳ፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ቅርጽ፣ ምጥጥንና ብርሃን በእርሳስ ወይም በከሰል ወረቀት ላይ የሚያሰፍርበት ሥራ ነው። ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ መደበኛ ትምህርት ሆኖ ሥር የያዘው፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ቀደም ሲል አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ፣ ኋላም አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ይህንኑ ትምህርት ቀስመዋል፤ አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ መሆኑ ሲታሰብ፣ በዚያን ዘመን ሠዓሊነት በውጭ አገር ሊጠና የሚገባው ሙያ ሆኖ ለመታየት ገና እንደነበር መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ትምህርት በፊት ለዘመናት የቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ መንገድ የተከተለ ሲሆን፣ ተማሪው ከመምህሩ ሥራ እየቀዳ የቅዱሳኑን መልክና አቋቋም በቃሉ እስኪያውቅ ድረስ ይሠለጥን ነበር። በዚህ ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ኃጢአተኞችና አጋንንት ግን በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ሥዕሉ አንድን የተወሰነ ግለሰብ እንዲመስል የታሰበ ሳይሆን የነፍስን ደረጃ እንዲናገር የተሠራ በመሆኑ፣ በምጥጥን ጉድለት መክሰሱ አላዋቂነት ነው። ይሁን እንጂ ሰውን እያየ መንደፍ የሚጀምር ተማሪ፣ በየትም አገር ቢሆን፣ አእምሮው አስቀድሞ የሚያውቀውን ምልክት ማለትም የአልሞንድ ቅርጽ ያለውን ዓይን፣ ቀጥ ያለውን አፍንጫና አምስት ጣት የተደረደረበትን እጅ፣ ከፊቱ ባለው ሰው ላይ መጫን ይቀናዋል፤ የትምህርቱ ዋና ድካምም ጣትን ማለማመድ ሳይሆን ይህን ቀድሞ የተሠራ ምልክት ከዓይን ላይ ማንሳት ነው።

ለዚህ ድካም በጉለሌ ክፍለ ከተማ በእንጦጦ ግርጌ የምትገኘው ቀጨኔ እጅግ የተመቸች ናት። የአካባቢው ሴቶች ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድና ገንቦ የሚሠሩት ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ነው። መሬት ላይ ተቀምጠው ወይም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሲሠሩ፣ ቆሞ ከሚነደፍ ሞዴል የማይገኝ የክብደት ትምህርት ይሰጣሉ። የመማሪያ መጻሕፍት የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ራስ እንደሚሆን ይናገራሉ፤ መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት ግን ከመቀመጫዋ እስከ አናቷ አራት ራስ ያህል ብቻ ስትሆን፣ ወደ ተመልካቹ የተዘረጋው ጭኗ ደግሞ ከጉልበቷ ኋላ ተደብቆ እጅግ አጭር ሆኖ ይታያል። ተማሪው ጭን ረጅም መሆኑን ስለሚያውቅ ያስረዝመዋል፤ ያን ጊዜ ሴትዮዋ የተቀመጠች ሳይሆን የተንሸራተተች ትመስላለች። በቃል የተያዘ ቀመር እዚህ ስለማይሠራ መለካት ግድ ይሆናል። የስምንቱን ራስ ቀመር ከመለካት በፊት የሚያስተምር መምህር ተማሪውን ይጎዳዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአለካኩ ዘዴ ቀላል ቢሆንም ሥርዓት ይፈልጋል። ነዳፊው ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የእርሳሱን ጫፍ ከሴትዮዋ አናት ጋር፣ አውራ ጣቱን ደግሞ ከአገጯ ጋር ያስተካክልና በዚህ ርዝመት የተቀረውን አካል ይመዝናል፤ ክንዱ ትንሽ ከታጠፈ ልኩ ሁሉ ይዛባል። ቀጥሎ እርሳሱን ግንበኛ ቱምቢ እንደሚያወርድ ቀጥ አድርጎ በመያዝ፣ ከጆሮዋ በታች በትክክል የሚውለው ክርኗ ይሁን ጉልበቷ ይመረምራል። በክንዷና በወገቧ መካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ ራሱን እንደ አንድ ቅርጽ መንደፍም ሌላው መላ ነው፤ ለባዶ ቦታ አእምሮ የተዘጋጀ ምልክት ስለሌለው ዓይን እዚያ ላይ አይታለልም። ሠራተኛዋ ስለምትንቀሳቀስ፣ ከረጅሙ ንድፍ በፊት በአንድና በሁለት ደቂቃ የሚያልቁ ፈጣን ንድፎችን መሥራት ያስፈልጋል፤ በእነዚህ የሚፈለገው የአካሉ ዋና ዘንበልታና ክብደቱ ያረፈበት ቦታ እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። ጭቃ የሚያለሰልስ እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ስለሚመላለስበት፣ ያመለጠው መስመር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ፊት ላይ ሲደረስ የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ዓይኖችን ወደ ላይ አውጥተው ግንባርን ያሳጥራሉ፣ ምክንያቱም ስሜት የሚነበበው ከዓይን እስከ አፍ ባለው ክፍል ስለሆነ ትኩረታቸው ያንን ያገዝፈዋል። በእርግጥ ዓይኖች በአናትና በአገጭ መካከል እኩሌታ ላይ ሲውሉ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀትም አንድ ዓይን ያህል ነው። ሻሽ ባሰረች ሴት ላይ አናቱ ስለማይታይ ይህን እኩሌታ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጨርቁ በታች ያለውን የራስ ቅል ክብነት በቀላል መስመር አስቀድሞ ማስፈር ይበጃል።

ስለ ብርሃንና ጥላም የውጭ መጻሕፍት የሚሰጡት ምክር ለዚህ ምድር ሳይታረም አይሠራም። አብዛኞቹ የተጻፉት ነጣ ያለ ቆዳንና በመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃንን መነሻ አድርገው በመሆኑ፣ ቅርጽን በጥላ ማውጣትን ያስተምራሉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን የፊትን አጥንት በይበልጥ የሚናገረው በጉንጭ አጥንት፣ በአፍንጫ ድልድይና በግንባር ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ነው፤ ተማሪው ይህን ሳያስተውል ፊቱን በሙሉ ቢያጠቁረው ጠፍጣፋ ይሆንበታል። መካከለኛ ቀለም ባለው ወረቀት ላይ ከሰልና ነጭ ጠመኔ አጣምሮ መጠቀም ለዚህ ችግር እጅግ የተሻለው መፍትሔ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ሆና የዓይንን ጉድጓድ በጨለማ ትሞላለች። ስለዚህ ፊትን ለመንደፍ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይመረጣል።

የቀጨኔ ባለሙያዎች በሙያቸው ምክንያት ለረጅም ዘመን የተናቁና የተገለሉ በመሆናቸው፣ ሳያስፈቅዱ ቆሞ ፊታቸውን መንደፍ ያንኑ በደል ይቀሰቅሳል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ለሚባክነው የሥራ ሰዓት ተገቢውን ከፍሎ መጀመር ግዴታ ነው። ንድፉን ለተነደፈችው ሴት ማሳየት ደግሞ ከጨዋነት ባሻገር ለሥራውም ይጠቅማል፤ ፊቱ መምሰል አለመምሰሉን ጎረቤቶቿ ቀድመው ሲናገሩ፣ የተነደፈው እጅ ጭቃውን በማይያዝበት አኳኋን መያዙን ግን ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም።