ጎርፍ ቁልፍ አይጠይቅም!

ሱቅ የከፈታችሁ ወጣቶች፣ ክረምት ሲገባ ሌባ ፈርታችሁ ቁልፍ ትደርባላችሁ። ጎርፍ ግን በበር ሥር ነው የሚገባው!

አንዲት የማውቃት ልጅ ወንዝ ዳር ቡቲክ አላት። ውሃ እስከ ጉልበት ገባባት። ልብሱስ ታጥቦ በቅናሽ ተሸጠ። ያንገበገባት የዱቤ ደብተሯ ነው፤ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ርሶ ቀለሙ ጠፋ። ከባለዕዳዎቹ ስንቱ «አለብኝ» ብሎ የመጣ ይመስላችኋል? ሁለት!

እናላችሁ ደብተር፣ ንግድ ፈቃድና ውል በፌስታል ታስሮ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ደጃፋችሁ ያለውን ቦይ ከሰኔ በፊት አስጠርጉ፤ የሚደፍነው እኛው የምንጥለው ፌስታልና ሃይላንድ ነው። አሸዋ የተሞላ ጆንያ በር ላይ መደርደር ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ደግሞ «እዚህ አልዘነበም» ብላችሁ አትዘናጉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀው ከላይ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ነው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ ዕቃው ይቅር፣ ነፍስ ይቅደም። ውሃው ሳይደርስ ከቻላችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ።

ውሃው ሲጎድልስ? ልጅቷ መጀመሪያ የነካችው ማብሪያውን ነው፤ እግዜር ነው ያወጣት! ባለሙያ ሳያየው መብራትም ፍሪጅም አይነካም። ኢንሹራንስ ያላችሁ ሳታጸዱ ፎቶ አንሱ፤ ውሉ ጎርፍን ይጨምር እንደሆነ ግን ዛሬውኑ ጠይቁ። ጭቃው ሳይደርቅ ይጠረግ፣ ወለሉ በበረኪና ይታጠብ። ጎርፍ የነካው ዱቄትና ስኳር ይጣል፤ ውሃው የሽንት ቤት ፍሳሽ ይዞ ነው የሚመጣው። አድርቀው የሚሸጡ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ... እኔ ከእነሱ አልገዛም።